እህልና ገለባ ከአንድ ስኳር ስለ መሠራታቸው

በመከር ወራት አውድማው ተለቅልቆ እህሉ ከተበራየ በኋላ ገበሬው የድካሙን ፍሬ ከሁለት ይከፍለዋል። ፍሬውን ለሰው ብሎ ወደ ጎተራ ያገባዋል፤ ገለባውን ለከብት ብሎ ከግቢው ዳር ይከምረዋል። ይህ ልማድ ከአባቶቻችን የተወረሰ ስለ ሆነ ምክንያቱን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን አስተውሎ ለሚመለከተው ሰው ታላቅ ጥያቄ አለበት። የስንዴው ፍሬና የስንዴው አገዳ በአንድ ሥር በቅለው፣ አንድ ዝናም ጠጥተው፣ በአንድ ፀሐይ በስለው ሳለ፣ አንዱ ሰውን ሲያጠግብ ሁለተኛው ስለ ምን አያጠግብም? በድርቅ ዓመት ጎተራው ባዶ ሆኖ የገለባው ክምር ከደጅ ቆሞ ሳለ ሰው ስለ ምን ይራባል? በሬውስ ያንኑ ገለባ በልቶ ሞፈርና ቀንበር የሚጎትትበትን ኃይል ከወዴት ያገኘዋል?

መልሱ ፍሬውና ገለባው በተሠሩበት ነገር ልዩነት አይደለም። ሁለቱም በአብዛኛው የተሠሩት ከአንድ ዓይነት ስኳር ነው። ልዩነቱ ስኳሩ ከስኳሩ ጋር በተያያዘበት ማሰሪያ ነው። ይህ ነገር ለሊቃውንት ብቻ የሚተው መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ሆኖም በየዓመቱ በዝናም የሚበሰብሰው ገለባ፣ በጎተራ ውስጥ የሚበቅለው እህል፣ አንድ ሌሊት እህል ጠግቦ በማግስቱ የሚሞተው በሬ፣ ሁሉም ከዚህች ማሰሪያ ጋር የተያያዘ ጉዳይ አላቸው። ስለዚህ አገር የሚያስተዳድርና እርሻ የሚያሳርስ ሰው ነገሩን ጠንቅቆ ቢያውቅ ለሕዝቡም ለራሱም ይጠቅማል በማለት ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

ስለ ስኳሩ

ተክል ሁሉ በቅጠሉ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ፣ በሥሩ ደግሞ ከመሬት ውኃን ይስባል፤ እነዚህንም በፀሐይ ብርሃን ኃይል አዋሕዶ ስኳር ይሠራል። ከነዚህ ስኳሮች ዋነኛው ግሉኮስ ይባላል። በበሰለ ወይን ውስጥ የሚገኘው፣ በሰውና በእንስሳም ደም ውስጥ እየዞረ ለሰውነት ኃይል የሚሰጠው ይኸው ነው። አንዲቱ የግሉኮስ ሞለኪውል 6 የካርቦን፣ 12 የሃይድሮጅንና 6 የኦክስጅን አቶሞች አሏት። ከነዚህም 5ቱ ካርቦኖችና አንዱ ኦክስጅን ተያይዘው እንደ ቀለበት ይሆናሉ፤ ስድስተኛው ካርቦን ከቀለበቱ ውጭ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ግሉኮስ በውኃ ፈጥኖ የሚሟሟ ነው። ተክሉ እንዲሁ በተናጠል ሊያጠራቅመው ቢሞክር ስኳሩ ውኃ እየሳበ የተክሉን ሕዋሳት ያስጨንቃቸዋል። ስለዚህ ተክሉ ግሉኮስን ከግሉኮስ ጋር እያሰረ በረጅም ሰንሰለት ያኖረዋል። አሠራሩም እንዲህ ነው። ሁለት ግሉኮሶች ሲገናኙ ከአንዷ አንድ ሃይድሮጅን፣ ከሁለተኛዪቱም አንድ ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን ይወጣሉ፤ እነዚህም ተዋሕደው ውኃ ይሆኑና ይሄዳሉ። ከሁለቱ መካከል የቀረው አንድ ኦክስጅን እንደ ድልድይ ሆኖ ሁለቱን ያያይዛቸዋል። ይህን ድልድይ የኬሚስትሪ ሊቃውንት ግላይኮሲዲክ ማሰሪያ ብለው ይጠሩታል። በሚዛንም ቢሆን ነገሩ ይታወቃል፤ የአንዱ ግሉኮስ ክብደት 180፣ የሁለቱ 360 ነው ቢባል፣ 18 የሚመዝነው ውኃ ስለ ወጣ የተያያዙት ሁለቱ 342 ይመዝናሉ።

እንግዲህ ስኳር ሲታሰር ውኃ ይወጣል፤ ሲፈታ ውኃ ተመልሶ ይገባል። የምግብ መፈጨት ማለት በአብዛኛው ይህንኑ ውኃ በየማሰሪያው መካከል እያስገቡ ሰንሰለቱን ወደየግሉኮሱ መመለስ ነው። ደም የሚቀበለው የተፈታውን እንጂ የታሰረውን አይደለምና።

ማሰሪያው በሰንሰለት ብቻ የሚገኝ አይደለም። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ፋብሪካ ሥራ ከጀመረ ወዲህ በአገራችን ከሸንኰራ አገዳ የሚመረተው ስኳር አንድ ግሉኮስና አንድ ፍሩክቶስ የተባለ ሌላ ስኳር የተያያዙበት ነው። የአበባው ወለላ በአብዛኛው ከዚሁ ስኳር የተሠራ ሲሆን፣ ንብ ከሰውነቷ በምታወጣው ፈሳሽ ማሰሪያውን ስለምትፈታው በማር ውስጥ ግሉኮሱና ፍሩክቶሱ በአብዛኛው ተለያይተው ይገኛሉ። የወተት ስኳር ግሉኮስና ጋላክቶስ ነው። የብቅል ስኳር ደግሞ ሁለት ግሉኮሶች ናቸው።

ስለ ሁለቱ ዓይነት ማሰሪያ

ሊቃውንት ለግሉኮስ ካርቦኖች ከ1 እስከ 6 ቁጥር ሰጥተዋቸዋል። በእህልም ሆነ በገለባ ውስጥ ማሰሪያው ከአንዷ ግሉኮስ 1ኛ ካርቦን ተነሥቶ ወደ ቀጣይዋ 4ኛ ካርቦን ይደርሳል። እስከዚህ ድረስ እህልና ገለባ አንድ ናቸው። ልዩነቱ የሚመጣው ከ1ኛው ካርቦን የሚወጣው ክንድ ቀለበቱ ላይ ወደ ታች ወይም ወደ ላይ በመዘርጋቱ ነው። ወደ ታች የተዘረጋው በግሪክ ፊደል አልፋ፣ ወደ ላይ የተዘረጋው ቤታ ይባላል። በአልፋ የታሰረው ሰንሰለት ስታርች ይሆናል፤ ይኸውም የጤፉ፣ የስንዴው፣ የገብሱ፣ የድንቹ ዱቄት ነው። በቤታ የታሰረው ሴሉሎስ ይሆናል፤ ይኸውም የገለባው፣ የሣሩ፣ የእንጨቱ፣ የጥጡ ጅማት ነው።

አንባቢ እንዲህ ያለችው ጥቂት ልዩነት ይህን ያህል ለውጥ ታመጣለችን ይል ይሆናል። በምሳሌ እንግለጸው። ብዙ ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሁሉም ፊታቸውን ወደ አንድ ወገን አድርገው ቢቆሙ፣ እያንዳንዱም ወደ ጎረቤቱ ጥቂት ዘንበል ቢል፣ ሰልፉ እየዞረ ክብ ይሆናል። ነገር ግን አንዱ ፊቱን፣ ቀጣዩ ጀርባውን እያዞረ ቢቆሙ የአንዱን ዘንበል ማለት የሌላው ያቃናዋል፤ ሰልፉም ቀጥ ብሎ ይቀራል። ስታርችና ሴሉሎስም እንዲሁ ናቸው። በአልፋ የታሰሩት ግሉኮሶች ሁሉ ፊታቸው ወደ አንድ ወገን ስለ ሆነ ሰንሰለቱ እንደ ሐረግ ይጠመዘዛል፤ በመካከሉም ክፍት ቦታ ስለሚኖር ሲቀቀል ውኃ ይገባበታል፣ ያብጣል፣ ይለሰልሳል። በቤታ የታሰሩት ግን አንዷ ወዲህ አንዷ ወዲያ ስለምትዞር ሰንሰለቱ እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ይላል። ቀጥ ያሉት ክሮችም ጎን ለጎን ተጋድመው እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፤ እንደ ተገመደ ገመድ ይጠነክራሉ፤ ውኃም አይገባባቸውም። ስለዚህ ገለባ ቀኑን ሙሉ ቢቀቀል ገንፎ አይሆንም።

የስታርች ሰንሰለት ሌላም ጠባይ አለው። ከብዛቱ የሚበልጠው ክፍል ቅርንጫፍ ያለው ነው፤ በየ25 ግሉኮስ ያህል ከ6ኛው ካርቦን አዲስ ክንድ ይወጣል። ቅርንጫፉ ሲበዛ ጫፉ ይበዛል፤ ጫፉም ሲበዛ መፍታት ይፈጥናል። ተክሉ ይህን ያደረገው ስታርች ዘሩ በሚበቅልበት ጊዜ ፈጥኖ የሚመነዘር ስንቅ እንዲሆነው ነው። ሴሉሎስ ግን ምሰሶና ግድግዳ እንዲሆነው የተሠራ ነውና በቀላሉ እንዳይፈታ ሆኖ ታስሯል።

ይህን ለማየት የሚፈልግ ሰው ታላቅ መሣሪያ አያስፈልገውም። ለቁስል ከሚቀባው አዮዲን አንዲት ጠብታ በተቆረጠ ድንች ወይም በቁራሽ ዳቦ ላይ ቢያንጠባጥብ ቀለሙ ወዲያው ጠቁሮ ሰማያዊ ይሆናል፤ አዮዲኑ በተጠመዘዘው ሰንሰለት መካከል ገብቶ ስለሚያዝ ነው። ያችኑ ጠብታ በጥጥ ላይ ቢያንጠባጥባት ግን ሰማያዊ አትሆንም፤ ቀጥ ባለው ሰንሰለት ውስጥ የምትገባበት ቦታ የለምና።

ከዚህ የበለጠ ምስክር ደግሞ በአገራችን አለ። በጉራጌ፣ በሲዳማና በሌሎችም የደቡብ አገሮች ሴቶች እንሰትን ሲፍቁ ከአንዱ ተክል ሁለት ነገር ይለያሉ። ተጨምቆ ከሚወርደው ውኃ ሥር የሚዘቅጠው ነጭ ቡላ ስታርች ነው፤ ከመፋቂያው ላይ የሚቀረው ቃጫ ግን አብዛኛው ሴሉሎስ ነው። ቡላው ይበላል፤ ቃጫው ገመድ ይሆናል። እነዚያ እናቶች አልፋና ቤታ የሚለውን ቃል ሳይሰሙ ሁለቱን ሲለዩ ኖረዋል። እንደዚሁም የምንለብሰው የጥጥ ነጠላና የምንበላው እንጀራ በአብዛኛው የተሠሩት ከአንድ ግሉኮስ ነው ቢባል ቃሉ እውነት ነው።

ስለ ቁልፉ

የዚህ ነገር ምርመራ በአውሮፓ ከ200 ዓመት በላይ ሆኖታል። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። በ1811 ኪርሆፍ የተባለ ሊቅ በሩሲያ አገር ስታርችን ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር ቀቅሎ ስኳር አደረገው። በ1819 የፈረንሳዩ ብራኮኖ ከእንጨት ፍቅፋቂና ከአሮጌ ጨርቅ በብርቱ አሲድ ስኳር አወጣ። በዚህ እንጨትም ጨርቅም የታሰረ ስኳር መሆናቸው ታወቀ። በ1833 ፓየንና ፐርሶ ከገብስ ብቅል ውስጥ ያለ አሲድ ስታርችን የሚፈታ ነገር አወጡ፤ ስሙንም ዲያስታዝ አሉት። ዛሬ እንዲህ ያለው ነገር ሁሉ ኤንዛይም ይባላል። ይኸው ፓየን በ1838 የተክልን ጅማት ለይቶ ሴሉሎስ የሚለውን ስም ሰጠው።

ኋላም ጀርመናዊው ኤሚል ፊሸር የስኳሮችን አሠራር በዝርዝር መርምሮ በ1902 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። እርሱ በ1894 የሰጠው ምሳሌ እስከ ዛሬ ድረስ ይነገራል፤ ይኸውም ኤንዛይምና የሚፈታው ነገር እንደ ቁልፍና እንደ መቆለፊያ ናቸው የሚል ነው። ለአንዱ የተሠራ ቁልፍ ሌላውን እንደማይከፍት ሁሉ፣ ለአልፋ የተሠራ ኤንዛይም ቤታን አይፈታም። እንግሊዛዊው ሀዎርዝም የስኳርን ቀለበትና የማሰሪያውን ቦታ በማስረዳቱ በ1937 ይህንኑ ሽልማት ከሌላ ሊቅ ጋር ተካፍሏል።

የሰው ልጅ የአልፋ ቁልፍ አለው። በምራቁ ውስጥ አሚላዝ የተባለው ኤንዛይም ስላለ ቁራሽ ዳቦን ሳይውጥ ረዘም ላለ ጊዜ የሚያላምጥ ሰው ጥቂት ጣፋጭነት ይሰማዋል። ሕፃንና ጥጃም የወተትን ስኳር የሚፈታ ቁልፍ አላቸው፤ ይህ ማሰሪያ ከቤታ ወገን ቢሆንም የተያያዙት ስኳሮች ሌሎች ስለ ሆኑ ያ ቁልፍ ሴሉሎስን አይከፍትም። ሴሉሎስን የሚፈታ ቁልፍ ግን በሰው ሰውነት አይሠራም። ስለዚህ ሰው በገለባ ክምር አጠገብ ሊራብ ይችላል። ይህ ማለት ግን ገለባው ኃይል የለውም ማለት አይደለም። አንድ ኪሎ ደረቅ ገለባና አንድ ኪሎ ደረቅ እህል በእሳት ቢቃጠሉ የሚሰጡት ሙቀት ተቀራራቢ ነው፤ እሳት ቁልፍ አይፈልግምና። ኃይሉ በገለባው ውስጥ ተቆልፎ አለ፤ ቁልፉን ያገኘ እንስሳ ብቻ ይጠቀምበታል።

ስለ በሬው ጨጓራ

የሚያስደንቀው ነገር በሬውም ራሱ ይህን ቁልፍ አለመሥራቱ ነው። ቁልፉ ያለው በጨጓራው ውስጥ በሚኖሩት ረቂቃን ተሕዋስያን እጅ ነው። የበሬ ሆድ አራት ክፍል ሲሆን የመጀመሪያው ትልቁ ጨጓራ በአዋቂ በሬ 100 ሊትርና ከዚያ በላይ ይይዛል። ከዚያ ፈሳሽ በአንዲት ሚሊ ሊትር ውስጥ እስከ 10 ቢሊዮን የሚደርሱ ባክቴሪያዎች ይገኛሉ። በሬው የበላውን ወደ አፉ መልሶ ሲያመሰኳ ገለባውን እያደቀቀ ለነዚህ ተሕዋስያን ያሰናዳላቸዋል፤ በብዛት የሚያመነጨው ምራቅም የጨጓራውን ኮምጣጣነት ያበርደዋል። እነርሱም የቤታን ማሰሪያ ፈትተው ግሉኮሱን ለራሳቸው ይመገቡታል፤ ከነርሱ የሚወጡትን አሲዶች በሬው በጨጓራው ግድግዳ ስቦ ለኃይል ያውላቸዋል። ከበሬው ኃይል አብዛኛው የሚመጣው ከነዚህ አሲዶች ነው። ተሕዋስያኑም በመጨረሻ ከምግቡ ጋር ወደ ቀጣዩ ክፍል ሲወርዱ ራሳቸው ተፈጭተው ሥጋ የሚገነባ ፕሮቲን ይሆኑታል። ምስጥም እንጨት በልቶ የሚኖረው በሆዱ ውስጥ ባሉ እንዲህ ባሉ ረቂቃን ረዳትነት ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት በሬን የሚቀልብ ሰው አስቀድሞ የሚቀልበው ተሕዋስያኑን መሆኑ ነው። ተሕዋስያኑ የገለባውን ስኳር ለመፍታት ናይትሮጅን ይፈልጋሉ። መኖው በመቶ 7 ያህል ፕሮቲን ካልኖረው ሥራቸው ይደክማል፤ የስንዴና የገብስ ገለባ ግን በመቶ ከ3 እስከ 4 ያህል ብቻ ስላለው ለብቻው አይበቃቸውም። በበጋ ወራት ገለባ ብቻ የሚበላ በሬ ሆዱ ሞልቶ ሳለ የሚከሳው ስለዚህ ነው። የባቄላ፣ የአተርና የምስር ገለባ፣ ወይም ጥቂት የኑግ ፋጉሎ ቢጨመርለት ግን ተሕዋስያኑ ይበረታሉ፤ ያው የስንዴ ገለባ የበለጠ ኃይል ይሰጣል።

እህል በሬን ስለ መግደሉ

አንዳንድ ሰው፣ ገለባ ለበሬ ጥሩ ከሆነ ያለ ችግር የሚፈታው እህል የበለጠ ጥሩ ነው ብሎ ያስብ ይሆናል። ይህ አሳብ ብዙ በሬ አስጨርሷል። በሬ በአውድማ ላይ ሲያበራይ ጥቂት ቢቀምስ አይጎዳውም። ነገር ግን ሌሊት ገመዱን በጥሶ ከምርቱ ላይ ሲበላ ቢያድር፣ የለመደው የቤታ ማሰሪያ ቀስ እያለ የሚፈታ ሲሆን የእህሉ የአልፋ ማሰሪያ ግን በአንድ ጊዜ ይፈታል። ግሉኮሱ ጨጓራውን ያጥለቀልቀዋል፤ ስኳር የሚወዱ ሌሎች ባክቴሪያዎች ይበዙና ላክቲክ አሲድ ያመርታሉ፤ ጨጓራው ይኮመጥጣል፤ ሴሉሎስን የሚፈቱት ተሕዋስያን ይሞታሉ። ከዚያም አሲዱ ወደ ደሙ ይገባል። በሬው ማመስኳቱን ያቆማል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ፋንድያው ይቀጥናል፣ ይንገዳገዳል፣ በመጨረሻም ተኝቶ መነሣት ያቅተዋል። ምልክቱ ወዲያው አይታይም፤ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ቀን በኋላ ወይም በማግስቱ ይታያልና ባለቤቱ በሬው ጠገበ ብሎ ሲደሰት ይቀደማል።

ስለዚህ በሬ እህል ሲበላ ያደረ እንደ ሆነ ምልክት ሳይጠበቅ ከእህሉ ማራቅ፣ ድርቆሽ ብቻ ማቅረብና የእንስሳት ሐኪም ፈጥኖ መጥራት ይገባል። ለማድለብ እህል የሚሰጥ ሰውም ከጥቂት ጀምሮ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ በሁለትና በሦስት ሳምንት ያስለምደው እንጂ በአንድ ጊዜ አያጥግበው።

ስለ ብቅልና ስለ ረጠበ እህል

ጠላ የምትጠምቅ ሴት ገብሱን አርሳ ስታበቅል ፓየንና ፐርሶ ያገኙትን ቁልፍ በቤቷ ትሠራለች። ዘሩ ውኃ ሲያገኝ ቡቃያውን ለመመገብ አሚላዝን ያመነጫል፤ እርሷም ብቅሉን አድርቃ ፈጭታ ከሌላው እህል ጋር ስትደፈድፈው ያ አሚላዝ የሌላውንም እህል ስታርች ወደ ስኳር ይለውጠዋል፤ እርሾው ደግሞ ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጣል።

በጋን ውስጥ ይህ መልካም ነው፤ በጎተራ ውስጥ ሲሆን ግን ጥፋት ነው። ሳይደርቅ የተከተተ ወይም ክዳኑ ባፈሰሰ ጎተራ የረጠበ እህል በውስጡ ያለው ቁልፍ ሥራውን ይጀምራል። ስታርቹ ይፈታል፣ እህሉ ይተነፍሳል፣ ይሞቃል፣ ሻጋታና ነቀዝ ይበዛበታል። ከበቀለ ስንዴ የተፈጨ ዱቄትም ሊጡ የሚጣበቅ፣ ዳቦውም የማይነሣ ይሆናል። ስለዚህ እህል ከመከተቱ በፊት እርጥበቱ በመቶ ከ13 እንዳይበልጥ አድርጎ በፀሐይ ማድረቅ፣ ጎተራውንም ከመሬት ከፍ አድርጎ ክዳኑን መጠበቅ ያስፈልጋል። ሰው ለራሱ ያኖረውን ስኳር ዘሩ ቀድሞ እንዳይፈታው መከልከል ማለት ይህ ነው።

ገለባን ስለ ማሻሻል

በሬው ቁልፍ ካለው ገለባው ሁሉ ስለ ምን አይፈታም? ተክሉ ሲያረጅ ሴሉሎሱን ሊግኒን በተባለ ጠንካራ ነገር እንደ ጭቃ ይለስነዋል። ሊግኒን ስኳር አይደለም፤ ተሕዋስያኑም በጨጓራ ውስጥ ሊፈቱት አይችሉም። ቁልፉ እያለ በሩ ተለስኗል ማለት ነው። ስለዚህ ለድርቆሽ የታሰበ ሣር ማበብ ሲጀምር ቢታጨድ ሊግኒኑ ገና ስላልበዛ የበለጠ ይመግባል፤ ዘር አፍስሶ ከደረቀ በኋላ ቢታጨድ ክምሩ ይተልቃል እንጂ ጥቅሙ ያንሳል።

ለስንዴ፣ ለገብስና ለጤፍ ገለባ ደግሞ በብዙ አገር የተፈተነና በአገራችንም የሚሠራበት አንድ ዘዴ አለ። ለ100 ኪሎ ደረቅ ገለባ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዩሪያ ማዳበሪያ ከ50 እስከ 80 ሊትር ውኃ ውስጥ ፈጽሞ እስኪሟሟ ይበጠበጣል። ገለባው በተቆፈረ ጕድጓድ ወይም በተዘጋጀ ስፍራ በስሱ እየተነጠፈ በየድርቡ ይህ ውኃ እኩል ይረጭበታል፣ እየተረገጠም ይጠቀጠቃል። በመጨረሻም አየር እንዳያስገባ በላስቲክ ተሸፍኖ ዳርዳሩ በአፈር ይታፈናል። ዩሪያው በውስጥ ወደ አሞኒያ ይለወጣል፤ አሞኒያውም ሊግኒን ከተክሉ ጅማት ጋር የተጣበቀበትን ስፍራ ያላላዋል፣ ጅማቱንም ያሳብጠዋል። ስኳሩን ከስኳሩ የሚፈታው አሞኒያው አይደለም፤ እርሱ በሩን ብቻ ይከፍታል፣ ማሰሪያውን የሚፈቱት እንደ ቀድሞው ተሕዋስያኑ ናቸው። ከዚህም በቀር ከአሞኒያው የሚቀረው ናይትሮጅን ለነርሱ ቀለብ ይሆናል። በወይና ደጋ ሦስት ሳምንት ይበቃል፤ በደጋ ብርዱ ሥራውን ስለሚያዘገየው አራት ሳምንትና ከዚያ በላይ መቆየት አለበት።

ነገር ግን ዩሪያ ያለ ጥንቃቄ የሚያዝ ነገር አይደለም። ከብት የተበጠበጠውን ውኃ ወይም ዱቄቱን ቢልስ በአጭር ጊዜ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ መጠኑ በግምት ሳይሆን በሚዛን ይሁን፤ ዕቃው ከከብት ይራቅ። ገለባው ከተከፈተ በኋላ ለዕለቱ የሚበቃው ብቻ ወጥቶ፣ የአሞኒያው ሽታ እስኪቀል ተበትኖ ቢያንስ አንድ ሌሊት ነፋስ ይምታው። ከብቱም ጥቂት በጥቂት ይልመደው። ዕድሜው ከ6 ወር በታች ለሆነ ጥጃ፣ ለፈረስ፣ ለበቅሎና ለአህያ ግን አይሰጥ።

ማሳሰቢያ

ክቡራን አንባብያን፤ የበሬ መጥፋት ለአገር ምን ያህል ጥፋት እንደ ሆነ ታሪካችን ያስረዳናል። በ1880 ዓ.ም. ገደማ የገባው የከብት እልቂት በሽታ በሬውን ሲጨርሰው መሬቱ ሳይታረስ ቀረ፤ ያም ዘመን እስከ ዛሬ ክፉ ቀን እየተባለ ይጠራል። በሽታው በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። በሬን ግን በሽታ ብቻ አይገድለውም፤ መኖ ማጣትም ይገድለዋል። በድርቅ ዓመት ከብቱ ያለቀበት ገበሬ በማግስቱ ዝናሙ ቢመጣ እንኳ የሚያርስበት የለውም። በዚያን ጊዜ ገበሬውን የሚያድነው ባለፈው መከር በዝናም ያላስበሰበሰው፣ በእርሻው ላይ ያላቃጠለው የገለባ ክምር ነው።

ስለዚህ በየግዛታችሁ የሚከተለው ቢፈጸም መልካም ነው። አንደኛ፣ አውድማው እንዳበቃ ገለባው ከፍ ባለ ስፍራ ተከምሮ እንዲከደን፤ የባቄላና የአተር ገለባም ለብቻው ተለይቶ እንዲቀመጥ። ሁለተኛ፣ የሣር አጨዳ ሣሩ ሳያረጅ በጊዜው እንዲደረግ። ሦስተኛ፣ በምርት አጠገብ ከብት ሌሊት እንዳይታሰር፣ እህል የበላም ቢገኝ በዚያው ሰዓት ለእንስሳት ሐኪም እንዲነገር። አራተኛ፣ ያልደረቀ እህል ወደ ጎተራ እንዳይገባ። አምስተኛ፣ ገለባ በዩሪያ የማሻሻል ሥራ በመጀመሪያ ሥራውን በሚያውቅ የእርሻ ባለሙያ ፊት፣ በአንድ ሰው ግቢ በጥቂት ገለባ ተሠርቶ ሕዝቡ እንዲያየው፤ ገበሬ በጆሮው ከሰማው ይልቅ በጎረቤቱ በሬ ላይ ያየውን ያምናልና።

ሰው ገለባን ሊበላ አልተፈጠረም። ነገር ግን ገለባውን የሚበላው በሬ በሕይወት ከቆየለት፣ ያ በሬ የቤታን ማሰሪያ ፈትቶ ባገኘው ኃይል መሬቱን ያርስለታል፤ ከታረሰውም መሬት ሰው ሊፈታው የሚችለው እህል ይበቅልለታል። ገለባውን የጠበቀ የሚመጣውን ዓመት እንጀራውን ጠበቀ ማለት ነው።